ለትርፍ አንጀት የበዛ ስፌት

«አሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ተኩል» አለች እትዬ ሜትር ለራሷ።

ከልብስ መሞከሪያዋ መጋረጃ ጀርባ፣ ሸሚዟን እስከ ደረቷ ገልባ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ሜትሩን ከእምብርቷ በላይ ካለው የስፌቱ ጫፍ ይዛ ቁልቁል ዘረጋችው። አላመነችም። ከታች ወደ ላይ ደግማ ለካችው። ያው ነው። ከቀኝ ጎኗ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ አጭር፣ ሰያፍ ስፌት አለ። እሱ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው።

«ቁልፊት! ነይማ እዚህ ግቢ። በሩንም ገርበብ አድርጊው።»

ቁልፊት መርፌዋን ከነክሩ ደረቷ ላይ ሰክታ መጣች። በዚህ ስፌት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት ናት፤ ቅጽል ስሟም ከዚያው ወጥቶላታል። እትዬ ሜትር ደግሞ ቆራጯ ናት። ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ፣ ደንበኛ ገና ደፉን ሲረግጥ ወገቡን በዓይኗ ለክታ ስለምትናገር፣ ሰፈሩ እውነተኛ ስሟን ከረሳው ቆይቷል።

«አንቺ ትርፍ አንጀት ወጥቶልሽ የለ?»

«ወጥቶልኛል። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ዓመት።»

«አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«ጠባሳውን ነዋ!»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ቢገባ ምን ይለናል?» ቁልፊት እየሳቀች ቀሚሷን ሰበሰበች። እትዬ ሜትር ጎንበስ ብላ ለካች። ስድስት ሳንቲ ሜትር፤ ከቀኝ ጎን ዝቅ ብሎ፣ ሰያፍ።

«አየሽ?» አለች ቀና ብላ። «ይቺ አጭሯ ካንቺ ጋር አንድ ናት። ይቺ የትርፍ አንጀቷ ናት። ይቺኛዋስ?» ሆዷን ለሁለት የከፈለውን ረዥሙን ስፌት በጣቷ ተከተለችው። «ይቺ የምንድን ነች?»

የቁልፊት ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «እኔ ምን አውቃለሁ? ሐኪም ያውቃል» አለችና ዓይኗን ሰበረች። ከመጋረጃው ስትወጣ የሚቆረጥ ክር ሳይኖር በጥርሷ ክር እንደ መቁረጥ አደረገች።

እትዬ ሜትር ሸሚዟን ቆለፈች። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆረጠ እጅ ሌላ ሰው የቆረጠውን ማንበብ አያቅተውም። አንድ ቆራጭ በአንድ በኩል ጀምሮ፣ መሀል ላይ ትቶት በሌላ በኩል እንደ አዲስ ከቆረጠ፣ አንድ ነገር ተበላሽቶበታል ማለት ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሷ ግን መጠርጠር የጀመረችው ዛሬ አይደለም።

የታመመችው ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የተማሪ ደንብ ልብስ ደራርባ እየቆረጠች ሳለ ሁለት ቀን ሆዷ ውስጥ ሲዞር የሰነበተው ቁርጠት ከቀኝ ጎኗ በታች ሄዶ ተተከለ። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ትኩሳቱና ትውከቱ ተከተለ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሥራውን ጥሎ መጣ። ከልጃቸው ጋር ደግፈው ሆስፒታል አደረሷት። አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም ጎኗን ጫን አድርጎ ድንገት ለቀቀው፤ ከመጫኑ ይልቅ መልቀቁ ነው ያስጮኻት። ደም ተቀዳ፤ አልትራሳውንድ ተነሳች።

«ትርፍ አንጀት ነው» አላት ሐኪሙ። «ሳይፈነዳ ዛሬውኑ መውጣት አለበት። አይዞዎት፣ ከአንድ ሰዓት አያልፍም።»

ስላለፈው ዓመት የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ማለቱን፣ ጤና ጣቢያ ደም ማነስ ነው ብለው እንክብል እንደሰጧት፣ ቀሚሶቿን ሁለት ጊዜ እንዳጠበበች አልተናገረችም። እንዲያውም መቅጠኗን ወድዳው ነበር። ለቁልፊት «ወጣትነቴ ተመለሰ» ብላ ተሽከርክራ አሳይታታለች።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ ዓይኗን ስትገልጥ ፀሐይዋ ወደ ሌላኛው መስኮት ዞራለች። በአፍንጫዋ ቱቦ ነበር። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ «ትንሽ ተቆጥቶ ስለነበር ነው የዘገዩት» አላት፤ ሲናገር ግን የሚያየው ቱቦውን እንጂ እሷን አልነበረም። ቁልፊት በሁለት ቀን የወጣችበትን ሆስፒታል እሷ ስምንት ቀን ተኛችበት።

ቤት ከገባች በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ባሏ፣ በደህናው ቀን «ሾርባው ጨው በዛበት» ብሎ የሚያኮርፍ ሰው፣ ሰሃን ማጠብ ጀመረ። ያውም እያፏጨ። ብትቆጣው አይቆጣም፣ ብትነጫነጭ «እውነትሽን ነው» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ «እውነትሽን ነው» ብሏት አያውቅም። አንድ ቀን ልጇን ወጥ ቤት ውስጥ ዓይኗ ደም መስሎ አገኘቻት።

«ምን ሆነሻል?»

«ሽንኩርት ነው፣ እማዬ።»

እትዬ ሜትር መክተፊያውን አየችው። ደረቅ ነው። ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት የሚባል ነገር አልነበረም።

ስልክ ሲደወል ባሏ ወደ ጓሮ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት በመስኮቱ ስር ሆና ሰምታዋለች። «ቅዳሜ ይደርሳል አልሽኝ እኮ» ሲል ነበር፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባክሽ፣ እቤት እንዳትደውዪ።» ከሆስፒታል የተሰጣት ወረቀት የት እንዳለ ስትጠይቀው መጀመሪያ «አውቶቡሱ ውስጥ ረሳሁት» አለ፤ ስትደግመው «ጠፋ» አለ።

ሌሊት በጀርባዋ ተኝታ ጎንና ጎኗን እየዳበሰች ስታውጠነጥን ነገሩ ይገጥምላት ጀመር። ሐኪሙ ያልሆነ ነገር ቆርጦባታል። ምናልባት አንጀቷን በጥሷል፤ ምናልባትም፣ ሰው እንደሚያወራው፣ ኩላሊቷን አውጥቷል። ባሏም አውቆ ዝም ብሏል። ለምን ዝም አለ? ምን ቢሰጡት? ያቺ ቅዳሜ ይደርሳል የምትለውስ ሴት ማን ናት?

አሁን ሁለቱን ስፌቶች ለክታ ከጨረሰች በኋላ ግን ማውጠንጠኑ በቃት። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ገበር ልገዛ ነው» አለች።

«ገበር አለን እኮ» አለች ቁልፊት።

«ሌላ ቀለም ነው የምፈልገው» ብላት ወጣች።

በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ መነጽር ያደረገች ሴት ካርዷን አገላብጣ አየችና፣ «ውጤቱን ባለቤትዎ ወስደውታል» አለቻት።

«የምን ውጤት?»

ሴትየዋ ቀና ብላ ፊቷን አየች። ካርዱን ቀስ ብላ ዘጋችው። «ሐኪምዎን ቢያነጋግሩ ይሻላል።»

«አንቺው ንገሪኛ! የኔ ካርድ አይደለም?»

«ሦስተኛ ፎቅ» አለች ሴትየዋ። «ቀጣይ!»

ቀዶ ሐኪሙ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ዳቦ እየበላ ነበር። ሠላሳ አምስት ቢሞላው ነው። ታናሽ ወንድሟን ስለሚመስላት አንቱ ማለት አልመጣላትም።

«ዶክተር፣ ታስታውሰኛለህ?»

«እንዴት አላስታውስዎትም! ቁስሉ አመመዎት?»

«ቁስሉ ደህና ነው። ስፌትህ ንጹህ ነው፤ እኔም ሰፊ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ብቻ ለትርፍ አንጀት በዛብኝ።»

ሐኪሙ ዳቦውን ወረቀት ላይ አስቀመጠ። «ባለቤትዎ አብረው አልመጡም?»

«የተቀደደው የሱ ሆድ ነው እንዴ?»

ይቀመጡ ሳይላት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከጎኔ ጀመርክ፣ ከዚያ ተውከው። ከዚያ መሀሉን ቀደድከው። ምን ተበላሸብህ? ምን በጠስክ? ኩላሊቴ አለ የለም? ባሌን ምን ብለህ አፉን አዘጋኸው? አንድ ሰው ጨርቁን ሰጥቶኝ ባበላሽበት ለጎረቤቱ ነግሬ ከሱ አልደብቅም። እንዲህ ያለ ነውር በኛ ሥራ እንኳ የለም!»

«ተሳስተናል» አለ ሐኪሙ።

ይኸው! ያለችው ደረሰ።

«ግን እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም።» በሩን ዘጋና ሌላውን ወንበር ከአጠገቧ አድርጎ ተቀመጠ። «ሲመጡ ሕመሙም፣ ትኩሳቱም፣ ደሙም፣ አልትራሳውንዱም ትርፍ አንጀት ነው የሚል ነበር። በጎን በኩል ከፈትኩ። ትርፍ አንጀትዎ እውነትም አብጧል። ያሳበጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ትርፍ አንጀት የሚበቅለው ከትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ እዚያ መነሻው ላይ ዕጢ ነበር፣ አፉን ዘግቶት። በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ሊወጣ ስለማይችል መሀሉን ከፍቼ ያንን የአንጀት ክፍል ከነዕጢው ቆርጬ አወጣሁት። ጤነኛውን ከጤነኛው ቀጠልኩት።»

«ምን ዓይነት ዕጢ?»

ሐኪሙ ከንፈሩን ነከሰ።

«ስሙን ጥራው» አለችው።

«ካንሰር ነው።»

ከኮሪደሩ የሚገፋ ጋሪ ድምፅ ሲያልፍ ተሰማ። እትዬ ሜትር የሚሰማት ፍርሃት መሆን ነበረበት፤ ግን መጀመሪያ የመጣባት ጥርጣሬዋ ነበር። ይኸ ሰው ስህተቱን ሊሸፍን ይሆን? በትንሽ ጥፋት ላይ ትልቅ በሽታ ከመረጉ ማን ይጠይቃቸዋል?

«ጻፈው» አለች።

«ምኑን?»

«ያልከኝን። እዚህ ወረቀት ላይ፣ በአማርኛ። ከስሩም ፈርም።»

ሐኪሙ ብዕር አንስቶ ጻፈ፤ ፈረመ። እሷ ወረቀቱን ተቀብላ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። በካርዷ ውስጥ ያለውንም አሳየኝ አለችው፤ አሳያት። ቀኑን ከቀኑ አስተያየች። ውሸት የሚገባበት ስንጥቅ ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ አጣች።

«እሞታለሁ?» አለች፣ በሌላ ድምፅ።

«ያየሁትን ሁሉ አውጥቻለሁ። ጉበትዎ ንጹህ ነው። በአንጀቱ ዙሪያ ካሉት ንፍፊቶች ግን ሁለቱ ተነክተዋል። ለዚያ ነው መድኃኒት የሚያስፈልገው። በዚህ ደረጃ ታክሞ የሚድን ብዙ ነው።»

«ብዙ ስንት ነው? እኔ በሜትር ነው የምሠራው።»

ሐኪሙ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «ከሦስት ሰው ሁለቱ ግድም። ግን መድኃኒቱ ጊዜ አለው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላ ቢጀመር ነው የምንወደው። አምስቱ ሄዷል። ውጤቱ ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ባለቤትዎ ሌላ ቦታ ላስመርምረው ብለው ናሙናውን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ስልክም አያነሱልኝም።»

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ ራሴ ቀስ ብዬ ልንገራት ብለው እጄን ይዘው ለመኑኝ። እሺ ማለት አልነበረብኝም።» አንገቱን ደፋ። «የኔ ሌላው ስህተት እሱ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ባሏ ያውቃል፣ ልጇ ታውቃለች፣ ቁልፊት ታውቃለች፣ የካርድ ክፍሏም ሴትዮ ሳትቀር ታውቃለች። የሆዱ ባለቤት ብቻ ናት ከመስታወት ጋር ስትሟገት የከረመችው።

ሕክምናው ሐሙስ እንዲጀመር ተቀጠረላትና ወጣች። ወደ ቤት አልሄደችም። በእግሯ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ አውቶቡስ መነሻው ሄደች። የባሏ አውቶቡስ ተራ ይዞ ሦስተኛ ቆሟል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ባሏ መሪው ላይ ተደግፎ ቁራጭ ወረቀት እያነበበ ነበር። ስታንኳኳ ደንግጦ ወረቀቱን ከመቀመጫው ስር ወሸቀው። በሩን ከፈተላት።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አትነሳ። ተቀመጥ።» ከጀርባው ካለው የመጀመሪያ ወንበር ላይ አረፍ አለች። «ያቺ ሴት ማን ናት?»

«የቷ ሴት?»

«ቅዳሜ ይደርሳል የምትልህ።»

ባሏ ወደፊት ዞረ። በመስታወቱ ዓይኖቹ ብቻ ይታዩአታል። «ከሥራ ጋር የተያያዘ…»

«ሐኪሙ ዘንድ ነበርኩ።»

ከውጭ ትኬት ቆራጩ ከሌላ ሹፌር ጋር ሲሳሳቅ ይሰማል።

«የላቦራቶሪ ሴት ናት» አለ። ጎንበስ ብሎ የወሸቀውን አወጣና ከትከሻው በላይ ሰጣት። ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ የታጠፈበት መስመር እስኪቀደድ የታየ፣ አንዱ አዲስ። «መጀመሪያ ትርፍ አንጀት ነው አሉ። ተሳሳቱ። ታዲያ አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም? እያልኩ… ሌላ ቦታ ሰጠሁት። ይኼንንም ተሳስተው ይሆናል፣ ሲመጣ ስቄ እነግራታለሁ ብዬ።»

«መጣ?»

«ቅዳሜ።»

«ምን ይላል?»

«ያው ነው።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለች።

«ሦስተኛ ቦታ ላሳየው ነበር።»

እትዬ ሜትር የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችው። በጠርዙ ላይ የባሏ እጅ ጽሑፍ አለ፤ ያልገቡትን ቃላት እየመረጠ፣ ከየሰው እየጠየቀ፣ ትርጉማቸውን በትንንሹ ጽፎባቸዋል። አንዳንዱ ተሰርዞ ተስተካክሏል። ለሦስት ሳምንት እሷ እሱን ስትጠረጥር እሱ ደግሞ ወረቀቱን ሲጠረጥር ከርሟል። አሳዘናት። ቢሆንም ንዴቷ አልወጣላትም።

«ለኔ አዝነህ ጊዜዬን በላኸው» አለችው። «መድኃኒቱን ለመጀመር የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው፣ ታውቃለህ? ሐሙስ ቀጥረውኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ያውም እኮ በሽታው ያንተ አይደለም!»

ባሏ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አታልቅስ ልትለው አሰበችና ተወችው፤ ይልቀስ። እሷም ብትሆን የምታለቅስበት ቦታ አጥታ እንጂ።

ትንሽ ቆይቶ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «እሺ፣ ሐሙስ ፈቃድ እወስዳለሁ። ሁሉንም አንቺ እንዳልሽ እናደርጋለን።» ከዚያ ዞር ብሎ አያት፣ እንደሚለምን። «ለእናትሽ ግን አንነግርም። በዚህ ዕድሜያቸው አይችሉትም። ትርፍ አንጀት ነው ብለናቸዋል፣ እዚያው ላይ ይቅር። ደህና ሆነሽ ስትነሺ ይሰማሉ።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች እትዬ ሜትር ወዲያው። «እሷስ አትችልም።»

ተሳፋሪዎች መግባት ጀመሩ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን በእግሯ እየገፋች አለፈች፤ አንድ ሽማግሌ ትኬታቸውን ከደረት ኪሳቸው ፈለጉ። ባሏ ሞተሩን አስነሳ። እትዬ ሜትር ወደ መስኮቱ ተጠግታ ተቀመጠች። ለእናቷ የምትለውን ከወዲሁ መቁረጥ ጀመረች። ፀጉሯ ቢረግፍ፣ ትኩሳት ነው ትላለች። ብትከሳ፣ ሥራ በዛብኝ። እናቷ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች፤ ጆሮዋ ቢደክምም ድምፅ ማንበብ ታውቅበታለች። ትላንትና «ደህና ነሽ?» ብላ፣ «ደህና ነኝ» ስትላት፣ «እንዴ፣ እውነት?» ብላት ነበር። ሦስት ጊዜ።

እናቷ ዛሬ ጓሮዋ ውስጥ ብቻዋን ቁጭ ብላ ምን ምን እያሰበች ይሆን?

አውቶቡሱ ገና ከተራው አልወጣም። ስልኳን አወጣች። ባሏ በመስታወቱ አየና እጁን ከመሪው አንስቶ በጣቱ «ተይ» አላት። እሷም አየችው፤ ዓይኗን ከሱ ሳታነሳ ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ፣ እማዬ። እኔ ነኝ። አጠገብሽ ሰው አለ? … ታላቄ አለች? በይ እሷንም ጥሪያትና አብራሽ ትቀመጥ።» እስኪሆን ጠበቀች። የቆሙ ተሳፋሪዎች እንዳይገፏት ሌላውን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። «የነገርንሽ እውነት አይደለም፣ እማዬ» አለች። «ትርፍ አንጀት አልነበረም።»